ዳማ ያበደበት ኅዳር

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ልጄ ሰላም ከሲ.ኤም.ሲ. ቤታችን አንስታ እኔንና ልጇን ናሆምን ወደ እንጦጦ ወሰደችን። ክረምቱ ወጥቶ አየሩ ጠርቷል። ባሕር ዛፉ ፀሐይ ሲነካው የሚሸተውን ሽታ ይሸታል። ከመንገዱ ዳር ወጣቶች በቀይ ክር ያጌጡ ፈረሶች ይዘው ልጆችን እያዞሩ ፎቶ ያስነሳሉ። ናሆም ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከሁሉም ረዥሙን ቀይ ፈረስ መረጠ። ወጣቱ ብድግ አድርጎ ኮርቻው ላይ አስቀመጠውና ዛቡን ያዘ። ፈረሱ ዝንብ አስቸግሮት ይሁን እንጃ፣ ራሱን ወረወረና ከንፈሩን ሰብስቦ ጥርሱን አሳየ።

«አውርደው» አልኩት።

«አይዞዎት እማማ፣ ይሄ በግ ማለት ነው። ነክሶ አያውቅም» አለኝ ወጣቱ እየሳቀ።

«አውርደው ብዬሃለሁ።»

ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። ሰው ዞሮ አየን። ናሆም ከንፈሩን ጥሎ ወረደ። መኪና ውስጥ ስንገባ ሰላም በመስታወቱ አየችኝና፣ «እማዬ፣ አንቺ ፈረስ መሀል ያደግሽ አይደለሽም እንዴ?» አለችኝ። «ነኝ» አልኳት። ሙሉውን የነገርኳት ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ናሆም ትምህርት ቤት በሄደበት ነው። ለእሷ እንደነገርኳት አድርጌ እዚህ ላስቀምጠው።

ቤታችን ከየካ ተራራ ሥር፣ መሬቱ ወደ እንጦጦ መውጣት ከሚጀምርበት ላይ ነበር። ጊዜው በሃምሳዎቹ ውስጥ ነው። ዛሬ ፎቅና የድንጋይ አጥር የሞላበት ሁሉ ያኔ የገብስና የባቄላ ማሳ ነው። ከማሳው በላይ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ በላይ ደመና። ከተማው ከታች ይታየናል፤ እኛ ግን የከተማ ሰዎች ነን ብለን አናውቅም። ጥንድ በሬ፣ ላሞች፣ አህዮች፣ የጎረቤት አጥር እየዘለሉ የሚያጣሉን በጎች፣ ቦቢ የሚባል ውሻ ነበረን። ከሁሉም በላይ ግን ሁለት ፈረሶች ነበሩን፤ ዳማና ጉራቻ። ዳማ ቀይ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ሰው ሲያይ ጆሮውን የሚያቆም ነው። ጉራቻ ስሙ እንደሚለው ጥቁር ነው፤ ዝምተኛ፣ ዳማ የሄደበትን የሚከተል።

ፈረሶቹ ለጌጥ አልነበሩም። አባቴ ጣሊያን ጥሎት ከሄደ መኪና ጎማ ፈትተው ትልቅ ጋሪ ሠርተው ነበር። በሌሎች ሰዎች ጋሪ አንድ ፈረስ ነው የሚታሰረው፤ የእኛን ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ይጎትቱታል። ባሕር ዛፍ ይጫናል፣ ድርቆሽ ይጫናል፣ በመከር ነዶ ይጫናል። ወደ ሾላ ገበያ ስንወርድ ሰው ቆሞ ያየናል። በዚያን ጊዜ አባቴ ፊታቸው ላይ የምትታየውን ፈገግታ ሌላ ቦታ አይቻት አላውቅም።

አባቴ አቶ ጉደታ ይባላሉ። ከፈረሶቹ ጋር የሚያወሩት በኦሮምኛ ነው። «ሱታ፣ ሱታ» ይሏቸዋል፣ ቀስ በሉ እንደማለት፤ ድምፃቸው ያኔ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስላል። ፈረስ ላይ አለንጋ ማንሳት በቤታችን ክልክል ነው። ጋሪው ላይ አለንጋ አለ፤ እሱም ውሻ ለማባረር ብቻ ነው። እኛን ግን ይመቱናል። ወንድሜን ታደሰን፣ እኔን፣ አንዳንዴም እናቴን። ዱላቸው ቁጣ ያለበት አይመስልም ነበር፤ አጥር እንደሚጠግን ሰው ዝም ብለው፣ አንገታቸውን አቀርቅረው ነው የሚመቱ። ሲጨርሱ ወደ ጋጣው ይሄዱና የዳማን አንገት ያሻሻሉ። እኔ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ታደሰ ሃያ አልፎት ጢም አውጥቷል። አንድም ቀን እጁን አንስቶባቸው አያውቅም።

ነገሩ የጀመረው በመስከረም፣ መስቀል ባለፈ ሰሞን ነው። ባቄላው እሸት ደርሶ እናቴ ጠዋት ጠዋት እየቀቀለች ታበላናለች፤ ማሳው በቢጫ አበባ ተከቧል። ቀትር ላይ አረም እየነቀልኩ ሳለሁ ከባሕር ዛፉ ውስጥ አንድ የማላውቀው ውሻ ወጣ። ወደ ጎን ሳያይ በቀጥታ ይራመዳል። አገጩ ተንጠልጥሏል፣ ከአፉ ለሃጭ ይወርዳል። ቦቢ እየጮኸ ሄዶ ገጠመውና ተያያዙ። ከዚያ ያ ውሻ ቦቢን ድንገት ለቀቀና፣ በረዥም ገመድ ታስሮ ይግጥ የነበረውን ዳማን አፍንጫው ላይ ነክሶ ተንጠለጠለ። ዳማ በአንገቱ ብድግ አድርጎት መሬት ላይ ደጋግሞ አፈረጠው፤ ውሻው አልለቀቀም።

አባቴ የዶማ እጀታ ይዘው ደረሱ። ወገቡን ሲሉት ወደቀ። ከወደቀም በኋላ፣ ከሞተም በኋላ መምታታቸውን አላቆሙም፤ ሣሩ ሁሉ ደም ሆነ። ከዚያ ቀና ብለው ቦቢን ጠሩት። ቦቢ አንድ ጆሮው ደም እያንጠባጠበ፣ ጅራቱን እየቆላ መጣ። በጆሮዎቹ መሀል አንድ ጊዜ መቱት። አልጮኸም።

እናቴ ከቤት ወጥታ ይህን ሁሉ አይታለች። «ፈረሱስ?» አለች ቀስ ብላ።

አባቴ የዳማን አፍንጫ በውኃና በጨው ማጠብ ጀመሩ።

በማግስቱ ጎረቤታችን ሃምሳ አለቃ ወልዴ ምንሽር ጠመንጃቸውን አንግተው መጡ። ከጦር ሠራዊት በጡረታ የወጡ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። «አቶ ጉደታ፣ እኔ ልተኩስልዎት። እርስዎ አይዩት፤ ወደ ገበያ ይውረዱና ሲመለሱ ያልቃል» አሏቸው።

«ፈረስ ውሻ አይደለም» አሉ አባቴ።

«የእብድ ውሻ በሽታ አይለይም።»

«የኔን ፈረስ የሚተኩስ ሰው ቀድሞ እኔን ይተኩስ።»

ሃምሳ አለቃ ምንሽራቸውን እንዳነገቱ ተመለሱ። እናቴ እንጦጦ ራጉኤል ወጥታ ጸበል በቅል አመጣች፤ ዳማን ረጨችው። ቁስሉ ደረቀ። በጥቅምት ጠጉር ያላበቀለች ጠባሳ ብቻ ቀረች። ዳማ ይበላል፣ ይጎትታል፣ ጆሮውን ያቆማል። ሁላችንም ረሳነው፤ ወይም የረሳን መሰልን።

ኅዳር ገባ። ገብሱ ታጭዶ ተከመረ። አመዳይ ጠዋት ጠዋት ሣሩን ነጭ ያደርገዋል፣ ቀን ፀሐዩ ይለበልባል። እናቴ አዲሱን ገብስ ቆልታ ፈጭታ በቅቤ የለወሰችውን ጭኮ በቅጠል ጠቅልላ ወደ ማሳ ትልክልናለች። ከዓመቱ ሁሉ የምወደው ጊዜ ይህ ነበር። አንድ ቀን ከሾላ ገበያ ባዶ ጋሪ ይዘን ስንመለስ፣ ዳማ ዳገቱ መሀል ቆመ። ጉራቻ ይጎትታል፣ ዳማ ግን እግሩን ተክሎ ይንቀጠቀጣል። አሁን ሳስበው በሽታው ጀምሮት ነበር። ታደሰ ከጋሪው ላይ ሆኖ ቢለምነው ቢጎትተው እምቢ አለ። ከኋላችን የጭነት መኪና ጡሩንባውን ይነፋል። ታደሰ አለንጋውን አነሳና ወገቡ ላይ አሳረፈበት።

አባቴ ከኋላ በእግር ይመጡ ነበር። ጋሪው ላይ ወጥተው አለንጋውን ከታደሰ እጅ ወሰዱ፣ በኮሌታው ጎትተው አወረዱትና እዚያው አስፋልቱ ዳር፣ ሾፌሩና ገበያተኛው ሁሉ እያዩ፣ ገረፉት። ጀርባውን፣ አንገቱን፣ ሊከልል ያነሳቸውን እጆቹን። ታደሰ ቆሞ ተቀበለ። አንዲት እንጨት የተሸከመች ሴት «ኧረ በእናትዎ» ብላ ለመነች። አባቴ ያቆሙት ክንዳቸው ሲዝል ነው። ከዚያ ዳማን አንገቱን እያሻሹ «ሱታ፣ ሱታ» አሉት፤ ዳማም እግሩን አንቀሳቀሰ።

ማታ እናቴ የታደሰን ጀርባ ቅቤ ስትቀባው ሸሚዙ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ነበር። «ወታደር ቤት እገባለሁ» አላት። «እዚያም ይመቱኛል፤ ግን የሚመታኝ አባቴ አይሆንም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳማ ውኃ መጠጣት ተወ። ገንዳው አጠገብ ይቆማል፣ አፉን ያስገባል፣ ውኃው መልሶ በአፍንጫው ይወጣል። ጠባሳውን በጋጣው ግንድ እያሸ አደማው። የጋጣውን እንጨት ይግጣል። የማበላቸው እኔ ስለሆንኩ ከሁሉ በፊት ያየሁት እኔ ነኝ። ሄጄ ለአባቴ ነገርኳቸው።

«አባባ፣ ዳማ መዋጥ አቅቶታል።»

«ጥርሱ ነው።»

«ያ ውሻ የነከሰውን ቦታ ነው የሚያሸው።»

በጥፊ መቱኝ። እጃቸው የዳማን ላብ ይሸት ነበር። «ዝም በይ» አሉኝ። ከዚያ ፊታቸውን አዞሩ፤ ትከሻቸው ላይ ያየሁት ፍርሃት እንጂ ቁጣ አልመሰለኝም።

በማግስቱ ጠዋት ታደሰ እናቴን ተሰናብቶ፣ ልብሱን በነጠላ ቋጥሮ ወደ ታች መንገዱን ያዘ። ለአባቴ አልነገራቸውም። እሳቸው ሁለቱን ፈረሶች ጠምደው ነዶ ከላይኛው ማሳ ወደ አውድማው ለማውረድ ወጡ፤ እኔ ገለባ የምናገላብጥበትን መንሽ ይዤ ተከተልኩ። ጋሪው ተጭኖ አውድማው ዘንድ እስኪደርስ ምንም አልሆነም። ዳማ ያልበዋል፣ ዓይኑ ቀልቷል፤ አባቴ ከጎኑ እየሄዱ ያዋሩታል።

አውድማው አፍ ላይ ስንደርስ ዳማ ያለ ምንም ምክንያት ዞሮ ጉራቻን አንገቱ ላይ ነከሰው። እንደ ፈረስ ጠብ ነክሶ መልቀቅ አልነበረም፤ ይዞ ጎተተ፣ ሥጋው ተቦጨቀ። ጉራቻ ሸሽቶ ለመሄድ ቢታገል አብረው ታስረዋል። እያሽካኩ ተሽከረከሩ። ጋሪው በአንድ ጎማ ቆመ፣ ከነነዶው ተገለበጠ፤ ጉራቻ ከሥሩ ገባ። አጥንት ሲሰበር የሰማሁት ድምፅ ደረቅ እንጨት እንደሚሰበር ያለ ነው። ዳማ ማሰሪያውን በጥሶ ነፃ ወጣ።

አባቴ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ወደ እሱ ሄዱ። «ሱታ» አሉት። ዳማ ጆሮውን አቆመ። ለአንድ አፍታ ያወቃቸው መሰለኝ። ከዚያ ቀኝ ክንዳቸውን ክርናቸው ላይ ያዘና ከመሬት አነሳቸው። ግዙፍ ሰው ነበሩ፤ እንደ ጨርቅ አራገፋቸው። ወደቁ፤ በጉልበቱ ተንበርክኮ ደረታቸውን ተጫነና ያንኑ ክንድ ደግሞ ያዘ።

እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። መንሹን አንገቱ ሥር ሰካሁት። አልተሰማውም። ነቅዬ ዓይኑን ስወጋው ነው አባቴን ለቆ ወደ እኔ የዞረው። ግራ እጄን ከነልብሱ ያዘኝ፤ ጥርሱ አጥንቴ ላይ ሲያርፍ ሕመም ሳይሆን ክብደት ነው የተሰማኝ። እናቴ ከቤት ደጃፍ ሆና የታደሰን ስም ትጣራለች።

ታደሰ ልቡ አልቆርጥ ብሎት ከሰፈራችን ሥር ያለውን ወንዝ ገና አልተሻገረም ነበር። ቋጠሮውን ጥሎ ዳገቱን በሩጫ ወጣ፤ ከእንጨት ክምሩ ላይ መጥረቢያውን አንስቶ መጣ። አባቴ ከወደቁበት ቀና ብለው አዩት። ክንዳቸው በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሏል። «ተወው፣ ታደሰ፣ አትጠጋው» ብለው ጮኹ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ታደሰ ለቅጽበት ቆመ፤ አባቴን አየ፣ ፈረሱን አየ። ከዚያ ግንባሩ ላይ መታው። የመጀመሪያው ምት ተንሸራትቶ ጆሮውን ቆረጠ። ዳማ እኔን ለቀቀና በኋላ እግሮቹ ቆመበት። ሲወርድ ታደሰ ሁለተኛውን አሳረፈ፤ ፈረሱ እግሩ ሥር ተዘረረ። ታደሰ ግን አላቆመም። እንደ አባቴ ነው የመታው፤ አንገቱን አቀርቅሮ፣ ዝም ብሎ፣ ከሞተም በኋላ። እኔ ነኝ ወገቡን ይዤ ያስቆምኩት።

ሃምሳ አለቃ ወልዴ ጠመንጃቸውን ይዘው ሲደርሱ የቀረው ጉራቻ ብቻ ነበር። ከጋሪው ሥር ሆኖ ያቃስታል። አንድ ጥይት ተኮሱ፤ ተራራው ድምፁን መልሶ ላከው። ከዚያ እናቴን እንዶድ አስወቀጧት። የአባቴን ክንድና የእኔን እጅ በእንዶድ አጠቡን፣ ደጋግመው፣ ቆዳው እስኪላጥ። እኔ ጮኽኩ። አባቴ ዳማን ነው የሚያዩት። ታደሰንም ሸሚዙን አስወልቀው ፊቱንና እጁን አጠቡት፤ ደሙ ተረጭቶበታል፣ የጀርባው ቁስልም ገና አልደረቀም።

የሰፈሩ ወንዶች አባቴን በቃሬዛ እስከ ኮተቤ መንገድ አወረዷቸው። ድንጋይ የጫነ መኪና አግኝተን ሐኪም ቤት ገባን። ክንዳቸው ከክርን በላይ ተቆረጠ። ለሦስታችንም የእብድ ውሻ መርፌ ታዘዘልን፤ በየቀኑ ሆዳችን ላይ እንወጋለን። ሆዴ አብጦ ቀበቶ ማሰር አቅቶኝ ነበር። ሰፈር ያሉት ደግሞ ሁለቱን ፈረሶች ጅብ እንዳይበላቸው በባሕር ዛፍ እንጨት አቃጠሏቸው። ስንመለስም ሽታው ከአውድማው አልጠፋም፤ ገብሱን ሌላ ቦታ ነው የወቃነው።

ሐኪም ቤት ሳለን አንድ ከሰዓት በኋላ ታደሰ ከአባቴ አልጋ እግርጌ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነጋገሩም። ድንገት ተናገረ።

«እየገደለዎት እንኳ ለፈረሱ ነው የጮኹት። ተወው ነው ያሉኝ።»

«ለፈረሱ አይደለም» አሉ አባቴ ዓይናቸውን ከኮርኒሱ ሳያነሡ። «እህትህን አስካለን ነከሰ፣ እኔን ነከሰ። ያኔ ዓይኑን አይቼ ማበዱ ገብቶኛል። ከልጆቼ የሚተርፍ አንድ ሰው ይኑር ብዬ ነው።»

ታደሰ ተነሥቶ ወጣ። በመስኮት ሳየው ግቢው ውስጥ ከግንቡ ጋር ግንባሩን አገናኝቶ ቆሟል። ሲመለስ ፊቱን ታጥቧል። አባቴ ከእናቴ ሰምተው ኖሯል፤ ሳያዩት «ወታደር ቤት ልትሄድ አልነበር?» አሉት። «ሂድ፤ አልይዝህም።»

«ማን ያርሳል?» አለ ታደሰ።

ይቅርታ የሚባል ቃል በመካከላቸው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ስንድን ወደ ቤት ተመለስን፤ ታደሰ በሬዎቹን ጠመደ፣ አባቴ አንዱን እጅጌያቸውን አጥፈው ከትልሙ ጎን ጎን ይሄዳሉ። ፈረስ ዳግመኛ ቤታችን አልገባም። አባቴም ማንንም መትተው አያውቁም። ሰው ሁሉ እጃቸው ስለተቆረጠ ነው ይል ነበር። ግራቸው ግን ደህና ነበር፤ በግራቸው እንጨት ሲፈልጡ አይቻለሁ። ምክንያቱ ምን እንደሆነ እሳቸው አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ብዙ ዓመት ኖረው፣ መሬቱም ከተወሰደ በኋላ፣ አልጋቸው ላይ ሞቱ።

ታደሰ አሁን የካ አባዶ ከልጆቹ ጋር ይኖራል። ስንገናኝ ስለ ልጆቻችን፣ ስለ ጉልበታችን፣ ስለ ኑሮ ውድነት እናወራለን። ያንን ቀን አንስተን አናውቅም። እኔም ለሰላም ስነግራት አባቴን እንዳላከፋ፣ ደግሞም እንዳላሳምር እየተጠነቀቅሁ ነበር፤ የሞተ ሰው ለራሱ መልስ አይሰጥም። አንዱን ሳጠብቅ ሌላው ይላላብኛል። ለልጁ ሲል ሞቱን የተቀበለው ሰውዬና አስፋልት ዳር ልጁን የገረፈው ሰውዬ በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ሰው ነበሩ። በዚህ ዕድሜዬም ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌ ማየት አልተሳካልኝም።

ሰላም እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠኝ ሰማች። ከዚያ እጄን ይዛ፣ «ከአያቴና ከፈረሱ ማንን ነበር ይበልጥ የምትፈሪው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አባቴን» አልኳት። «ፈረሱ እኮ ታሞ ነው።»

ከሁለቱ ማን ነው ይበልጥ የሚናፍቅሽ ብትለኝ ኖሮም መልሴ ያው ነበር።